ጉዳዩ፦ ስለ ማርፈድ

ዓመቱ 1992 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ መጋቢት። ነጌሌ ላይ በመጋቢት መጣል የነበረበት ዝናብ አልጣለም። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ የአሻራ ቀለም ሽታ ነው። ባለፈው ወር ለልጄ የልደት ማስረጃ ላወጣላት ሄጄ ጸሐፊዋ ሐምራዊውን የቀለም ሣጥን ከፈተች። ሽታው ነዳጅ ነዳጅ ይላል፤ ትንሽ ደግሞ ይጣፍጣል። አውራ ጣቴን ቀለሙ ላይ አድርጌ ሳላነሣ ቆየሁ። ልጄ «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምንም አልሆንኩም። ጋሽ ደምሴ ትዝ ብለውኝ ነው።

ጋሽ ደምሴ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ከአንድ ግራር ሥር፣ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነበራቸው፤ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ አንድ አግዳሚ። የጽሕፈት መኪናቸው የአማርኛ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ ከሆነ በኋላ ማመልከቻው የሚጻፈው በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ስለሆነ፣ ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ቁቤ ተምረው በእጃቸው ይጽፉ ነበር። መኪናው ፕላስቲክ ለብሶ ጠረጴዛው ጥግ ይቀመጣል። የሚገለጠው ወደ አዲስ አበባ የሚጻፍ ነገር ሲመጣ ብቻ ነው።

እሳቸው ዘንድ የወሰደችኝ እማዬ ናት። በአማርኛ ድርሰት ከአሥር ሦስት አግኝቼ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አስቆመቻቸው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይቺ ልጅ ስታወራ ማን ይችላታል። ወረቀት ሲሰጧት ግን ድዳ ትሆናለች።»

«ድዳ ከሆነችማ ጥሩ ነው» አሉ። «እኔን የሚያስቸግረኝ ወረቀት ላይ የሚለፈልፍ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ትምጣ።»

በመጀመሪያው ቀን ያንን ሦስት ያገኘሁበትን ድርሰት አነበብኩላቸው። ርእሱ «ወቅቶች» ነበር። «በመስከረም ሜዳው በአደይ አበባ ያሸበርቃል» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። አደይ አበባ አይተሻል?»

«መጽሐፍ ላይ።»

«እዚህ ነጌሌስ?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው እሱን መጽሐፉ ይጻፈው። አንቺ ያየሽው ምንድን ነው?»

አሰብኩ። «አቧራ» አልኩ።

«ምን ዓይነት አቧራ?»

«ቀይ።»

«ቀይነቱንማ እኔም አውቀዋለሁ።»

በመጨረሻ «እማዬ ነጠላዋን አጥባ ስታሰጣው፣ በገመዱ ላይ የታጠፈበት ቦታ ቀይ መስመር ይዞ ይደርቃል» አልኩ። «ደግማ ብታጥበውም አይለቅም።»

ጋሽ ደምሴ እስክሪብቷቸውን አውጥተው ሰጡኝ። «እሱን ጻፊ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ አግዳሚው ጫፍ ላይ እቀመጥ ነበር። ትምህርታቸው ሁሉ የሚመጣው ከሥራቸው ነው። በድርሰቴ ራስጌ ላይ፣ ማመልከቻ ላይ እንደሚደረገው፣ «ጉዳዩ፦» ብዬ እንድጽፍ ያደርጉኝ ነበር። ከዚያ በአንድ መስመር ነገሩ ምን እንደሆነ እጽፋለሁ። ያንን መስመር መጻፍ ካቃተኝ ወደ ቤቴ ይሰዱኛል። «ምን እንደምትፈልጊ ሳታውቂ የሰው ዓይን አታድክሚ» ይሉኛል።

ሁለት ደንብ ነበራቸው። አንደኛው፣ ጽፈው ሲጨርሱ ለባለጉዳዩ አንድም ቃል ሳይዘሉ ያነቡለታል። «ልክ ነው? የጎደለ አለ?» ይሉታል። ባለጉዳዩ ያርማል፤ እሳቸው እንደገና ይጽፋሉ፤ እንደገና ያነባሉ። ከዚያ በኋላ ነው የቀለሙ ሣጥን ተከፍቶ አውራ ጣቱን የሚያኖረው። ሁለተኛው ደንብ፣ ግራሩ ሥር የተነገረ ግራሩ ሥር ይቀራል። ይህን ለእኔ ነግረውኛል። እኔ የገባኝ በአፌ እንዳላወራ መከልከላቸው ነው። ስለ መጻፍ ምንም አላሉኝም።

አንድ ቀን አዴ ሎኮ መጡ።

አዴ ሎኮን፣ እናት ሎኮን እንደ ማለት ነው፣ ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል። ከሊበን ገጠር ወተት እያመጡ የሚሸጡ ረጅም ሴት ናቸው። ወተታቸውን የሚይዙበት ቢጫ ጀሪካን ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ አፉ በቀይ ሹራብ ቁራጭ ይወተፋል። የእኛም ቤት ደንበኛቸው ነበር። ጾም ከገባ ግን ወተት አንገዛም። በራችን ላይ ሲያልፉ እማዬ «አዴ ሎኮ፣ ለፋሲካ እንዳይረሱን!» ትላቸዋለች። እሳቸው ጀሪካኑን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እያዛወሩ «እሺ፣ ዋቃ ያውቃል» ይላሉ።

ጋሽ ደምሴ ብድግ ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀበሏቸው።

«አካም፣ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ልጆች ናጋ?»

«ናጋ።»

«ከብቱ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ሣሩ፣ ውሃው ናጋ?»

«ናጋ።»

አዴ ሎኮ ተቀመጡ። ጀሪካኑን በሁለት እግራቸው መካከል አኖሩት። ከዚያ በኦሮምኛ፣ ረጋ ብለው፣ ከብቶቹ ማለቃቸውን ተናገሩ። የመጨረሻዋ ላም ከተኛችበት አልተነሣችም። ከሊበን ወጥተው ከከተማው ዳር ጎጆ ቀልሰዋል። አሁን እንጨት ለቅመው ይሸጣሉ።

አፌን ከፍቼ አየኋቸው። አሁን «ናጋ» ብለው ከብቱ ሰላም ነው አላሉም? ዋሹ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። በኋላ ጋሽ ደምሴን ስጠይቃቸው «መጀመሪያ ሰላም ይባላል» አሉኝ። «ሞት ቢሆን እንኳ ቁጭ እስኪሉ ይጠብቃል። እሱ ውሸት አይደለም፣ ጨዋነት ነው።»

የመጡበት ጉዳይ ልጃቸው ናት። ዳኪ ትባላለች፤ የክፍሌ ልጅ ነበረች። በየጠዋቱ ታረፍዳለች። ያረፈደ ተማሪ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ይንበረከካል፤ ዳኪ የማትንበረከክበት ቀን አልነበረም። ምክንያቱን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ገና ሳይነጋ እንጨት ተሸክማ በጓሮ መንገድ ለየቤቱ ታደርሳለች። ዳይሬክተሩ ማርፈዷ ከቀጠለ ስሟን ከመዝገብ እሰርዛለሁ ብለዋል።

«ላም ስታልብ ነው ብለው ይጻፉልኝ» አሉ አዴ ሎኮ።

«አዴ ሎኮ፣ ላም የለም እኮ።»

«ዳይሬክተሩ ያንን አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

አዴ ሎኮ ጀሪካኑን በእግራቸው ነካ አደረጉት። ባዶ ድምፅ ሰጠ። «ይህም ባዶ ነው» አሉ። «ግን ይዤው በዋናው መንገድ አልፋለሁ። ባዶ እጄን የገባሁ ቀን ሎኮ አለቀላት ይሉኛል።» ሌላም ነገር ጨመሩ፤ ማታ ሲመለሱ ስለሚያደርጉት። እሱን በደንብ አልሰማሁትም። ባዶው ጀሪካን በቃኝ።

ጋሽ ደምሴ እስክሪብቷቸውን አሽከረከሩ። «'ቤት ውስጥ ባለባት ሥራ ምክንያት' ልበልልዎት?»

አዴ ሎኮ አሰቡ። «ሥራው ላም ማለብ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖር ይሆን?»

«ያሰበ ያስብ! ማን ከለከለው!»

ሁለቱም ሳቁ። ተጻፈ፤ ተነበበ፤ አሻራው ተደረገ። ዳይሬክተሩም ተቀበሉት፤ ስሟ በማርፈድ አይሰረዝም፣ መንበርከኩ ግን ለሁሉም እኩል ነው አሉ።

በዚያው ሰሞን የአማርኛ መምህራችን «በአካባቢያችሁ የምታውቁትን አንድ ሰው ግለጹ» ብለው አዘዙን። የተመረጠው ድርሰት ዓርብ ጠዋት ባንዲራ ላይ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ይነበባል። «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር ለመጻፍ አልተቸገርኩም። ስማቸውን «ወይዘሮ ጫልቱ» አልኩት። ሌላውን ሁሉ እንዳየሁት ጻፍኩ። ረጅም አንገታቸውን፣ እጅ ማፈራረቃቸውን፣ ቀዩን የሹራብ ቁራጭ። እንጨቱንም ጨመርኩ። ለጋሽ ደምሴ አላሳየሁም። ስመረጥ እንዲሰሙ፣ እንዲኮሩብኝ ፈልጌ ነው።

ተመረጠ። ዓርብ ከባንዲራው ሥር ቆሜ አነበብኩ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ጀሪካኑ ግን ባዶ ነው» የሚል ነበር። ስጨርስ ጸጥ አለ። አድናቆት መሰለኝ። ከዚያ ከኋላ ሰልፍ አንዱ «ቀይ ሹራብ! የዳኪ ሹራብ!» ብሎ ጮኸ።

ዳኪ አንድ እጅጌው እስከ ክርን የተቆረጠ ቀይ ሹራብ ነበራት። በየቀኑ አየው ነበር። የጎደለው እጅጌ የት እንደሄደ አንድም ቀን አላሰብኩም።

እሷም እዚያው ነበረች፤ በሩ ላይ ካረፈዱት ጋር ተንበርክካ። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ተነሣች፤ ጉልበቷን አራገፈች፤ ወጣች። ቅጣቷን ሳትጨርስ የሄደችው ቀንታብኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል።

ቅዳሜና እሑድ አለፈ። ሰኞ ዳኪ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። አዴ ሎኮም በዋናው መንገድ አላለፉም። ማክሰኞ ማታ እራት ላይ እማዬ «አዴ ሎኮ ምነው ጠፉ?» አለች። ድርሰቴን ልታደንቅልኝ መስሎኝ ደብተሬን አምጥቼ አነበብኩላት።

እማዬ ቁራሽዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረች።

«እኔ በየቀኑ ለፋሲካ እንዳይረሱን እያልኳቸው ነበር» አለች። ለራሷ ነው የተናገረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ከሥጋ ጾመሽ ሰው በላሽ።»

እማዬ ከዚያ በላይ አትናገርም ነበር።

ረቡዕ ግራሩ ሥር ስደርስ ጋሽ ደምሴ ሰምተዋል።

«ስማቸውን ለውጫለሁ» አልኩ ገና ሳይጠይቁኝ።

«ስማቸውን ለወጥሽ፤ ጀሪካኑንስ?»

«ያየሽውን ጻፊ ያሉኝ አንቱ ነዎት።»

የጽሕፈት መኪናውን ፕላስቲክ ሳይላላ አጠበቁት። «ብዬሻለሁ» አሉ። «የእኔም ጥፋት አለበት።» ከዚያ ጠየቁኝ። «ባለጉዳይዋ ሰምተውታል?»

«አልሰሙም።»

«አሻራ የሌለው ወረቀት ነዋ ያነበብሽው!»

ያን ቀን ትምህርት አልነበረም። «ነገ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ» ብለው ሰደዱኝ።

ሐሙስ ጠዋት የክፍል ኃላፊያችን መዝገቡን ገልጠው ዳኪ ከሰኞ ጀምሮ መቅረቷን ተናገሩ። «ነገ አርፍዳም ቢሆን ትምጣ፤ ካልመጣች ስሟ ይሰረዛል። ቤቷን የሚያውቅ ይንገራት» አሉ። ማንም ቤቷን አውቃለሁ አላለም።

ከትምህርት ቤት መልስ ከጋሽ ደምሴ ጋር ወደ ከተማው ዳር ሄድን። ጋሽ ደምሴ የቀለሙን ሣጥን በኮት ኪሳቸው ይዘዋል። ጎጆዋ ከቅርንጫፍና ከላስቲክ የተሠራች ነበረች። እንጨቱ ከጀርባዋ ተከምሯል። አዴ ሎኮ በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ሰላምታውን አንቺ ጀምሪ» አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

«አካም፣ ናጋ?» አልኩ።

«ናጋ።»

«ልጆች ናጋ?»

«ናጋ።»

ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ብዘለው ከብት እንደሌላቸው ደግሜ መናገሬ ነው። ጋሽ ደምሴ አያዩኝም፤ ራቅ ብለው እንጨቱን ያያሉ።

«ከብቱ ናጋ?» አልኩ።

አዴ ሎኮ ቀና ብለው አዩኝ። «ናጋ» አሉ። «ቁጭ በይ።»

ደብተሬን ከፍቼ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ አነበብኩ፤ በምችለው ኦሮምኛም ተናገርኩ። ቃል ሲጠፋኝ ጋሽ ደምሴ ያቀብሉኝ ነበር። አዴ ሎኮ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሰሙ። አንገታቸው ረጅም ነው ያልኩት ላይ «እሱስ እውነት ነው» አሉ። አንድም ቃል ሳልዘል ጨረስኩ።

«ልክ ነው? የጎደለ አለ?» አልኩ።

«አለ» አሉ። «ጠዋት ባዶ ነው። ማታ ግን ውሃ አለበት። ከቧንቧው ሞልቼ ነው የምመለሰው። ያ ጀሪካን ባዶውን ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ግራሩ ሥር ነግሬያችኋለሁ፤ አልጻፍሽውም።»

እዚያው ጉልበቴ ላይ ጻፍኩት። ደግሜ አነበብኩላቸው። ጋሽ ደምሴ የቀለሙን ሣጥን ከፈቱ። አዴ ሎኮ አውራ ጣታቸውን ከመጨረሻው መስመር በታች አኖሩ፤ ከዚያ ጣታቸውን አሸዋ ላይ ጠረጉ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኩም። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ያን አሻራ ሰጡኝ።

«የእኔስ?» አለ ድምፅ ከውስጥ።

ዳኪ ወጣች። ሹራቡን ለብሳለች። «ሹራቡ የእኔ ነው» አለች። «እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ወደ እናቷ አየሁ። «እሱ የእሷ ጉዳይ ነው» አሉ።

«ነገ ካልመጣሽ ስምሽ ይሰረዛል» አልኳት።

«መጥቼስ? ለምን አረፈድሽ ሲሉኝ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። አንቺ ነግረሻቸው የለ?»

ደብተሬን ዘጋሁ። ጋሽ ደምሴም የቀለሙን ሣጥን ኪሳቸው ከተቱ። በመጣንበት ተመለስን።

በማግስቱ ማለዳ እማዬ ለኪዳን ጸሎት ስትነሣ እኔም ተነሣሁ። ወዴት እንደምሄድ ነገርኳት። ከሣጥኗ አንድ አሮጌ ጨርቅ አውጥታ አጥፋ ሰጠችኝ። «ለጀርባሽ» አለች።

ዳኪ እንጨት ስታስር ደረስኩ። አየችኝ፤ ማሰሯን አላቆመችም። ከታሰረው አንዱን አንሥቼ አዘልኩ።

«ትወድቂያለሽ» አለች።

«አልወድቅም።»

መስጊዱ ጋ ስንደርስ ወደቅኩ። ዳኪ ቆማ ሳቀች። ሸክሙን ከላዬ አንሥታ እንደገና አሰረችልኝ። «ይህ የነጠላ ትከሻ ነው» አለች።

ሦስት ቤት አደረስን። ከሦስተኛው ቤት ስንወጣ ነግቷል። አንድ እስር ቀርቶን ነበር፤ ዳኪ አዘለችው። እኔ እንደ ልማዷ ወደ ጓሮው መንገድ ዞርኩ። ዘወር ብዬ ሳይ እሷ በዋናው መንገድ ሄዳለች፤ በሱቆቹ ፊት፣ ቀስ ብላ። ሮጬ ደረስኩባት።

የመጨረሻውን እስር አድርሰን ትምህርት ቤት ስንደርስ ባንዲራው ተሰቅሎ አልቋል። ያረፈዱት በሩ ላይ ተንበርክከዋል። ሰልፉ ገና አልተበተነም፤ ሁሉም አየን። ተረኛው መምህር አለንጋቸውን ይዘው ከፊታችን ቆሙ።

«ለምን አረፈዳችሁ?»

መልሱን እኔ አውቀው ነበር። ከነዝርዝሩ፣ ከነሸክሙ ሽታ፣ ከነመንገዱ አውቀው ነበር። ዝም አልኩ።

ዳኪ ቀና አለች። «ላም ስናልብ ነው» አለች።

ከሰልፉ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። መምህሩ ፀጉሬ ላይ የቀረውን የእንጨት ልጣጭ አዩ። ቤታችን ላም ኖሮ እንደማያውቅ ያውቃሉ፤ ጎረቤታችን ናቸው።

«አንቺም?» አሉኝ።

«እኔም» አልኩና ከዳኪ ጎን ተንበረከክሁ።